ቁጥር ኃላፊ ይሆናልን?

በየመሥሪያ ቤቱና በየሥራው ቦታ ዘወትር ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ተሰልቷል» የሚለው ነው። ወጪው ተሰልቷል፤ ጊዜው ተሰልቷል፤ ሸክሙ ተሰልቷል ይባላል። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ክርክር የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጥር አያደላም፥ አይዋሽም፥ ፊት አይቶ አይፈርድም ተብሎ ይታመናልና። ይህም እውነት ነው፤ ሁለትና ሁለት ሲደመር ለጌታውም ለድኻውም አራት ነው። ነገር ግን ከዚህ እምነት አጠገብ ሌላ እምነት ተሸሽጎ ይኖራል፤ ይኸውም ነገሩ አንድ ጊዜ ከተሰላ ወዲያ የሚመጣው ጥፋት የማንም ጥፋት አይደለም የሚለው ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ሁለተኛውን እምነት ነው። ቁጥር ኃላፊ ይሆናልን? ሰው የሠራው ሥራ ሲፈርስና ሕይወት ሲጠፋ፥ «እኔ አላጠፋሁም፤ ያጠፋው ስሌቱ ነው» ማለት ይቻላልን?

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምንከራከርበት በአንድ የሥራ መስክ ላይ አቁመን ብናየው ይሻላል። ለዚህም የሚስማማ ሆኖ ያገኘነው መሐንዲሶችና የሒሳብ ሊቃውንት ነፋስና ማዕበል በድልድይ፥ በረጅም ሕንጻና በባሕር መከላከያ ግድብ ላይ የሚያደርሱትን ኃይል የሚመረምሩበት ጥናት ነው። እኛ የዚህ ጥናት ሊቃውንት አይደለንም፤ የሒሳብ ዕውቀታችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቆመ ነው። ሆኖም በድልድይ የሚሻገረው ሰው ሁሉ ሒሳቡን የሚያውቅ አይደለምና፥ ስለ ስሌቱ ባይሆን እንኳ ስለሚያሰላው ሰው ለመጠየቅ መብት ያለን ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የድንጋይና የብረት ክብደት ታማኝ ነገር ነው። ዛሬ አንድ ኩንታል የሆነው ነገም አንድ ኩንታል ነው፤ ሁልጊዜም የሚጫነው ወደ ታች ነው። ነፋስ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ ከምሥራቅ አንድ ጊዜ ከምዕራብ ይመጣል፤ ይበረታል፥ ይደክማል፥ ተመልሶ ይበረታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ማዕበልም ከነፋስ የተወለደ ስለ ሆነ የአባቱን ጠባይ ይዟል። ስለዚህ በነፋስና በማዕበል ፊት የሚቆመውን ሥራ የሚያሰላ ሰው፥ ያየውን ነገር ብቻ ሳይሆን ገና ያልመጣውንም ነገር መገመት አለበት። ከስንት ዓመት በኋላ ለሚነሣው ዐውሎ ነፋስ ዛሬ ቁጥር ይሰጠዋል።

በወንጌል የተነገረውን የሁለቱን ቤት ሠሪዎች ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ የለም። አንደኛው በዐለት ላይ ሁለተኛው በአሸዋ ላይ ሠሩ፤ ዝናቡም ጎርፉም ነፋሱም ለሁለቱ እኩል መጣባቸው። ከዚህ ምሳሌ የምንማረው ብዙ ነው፤ ለዛሬው ነገራችን ግን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። የሰነፉ ሰው ጥፋት የተገለጠው ነፋሱ በነፈሰበት ቀን ነው፤ የተፈጸመው ግን መሠረቱ በተጣለበት ቀን፥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት ነው። ነፋስ ጥፋትን ይገልጣል እንጂ አይፈጥርም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ። በስኮትላንድ አገር፥ በዳንዲ ከተማ አጠገብ፥ የቴይ ወንዝ ወደ ባሕር ሲቃረብ በሚሰፋበት ቦታ ላይ ቶማስ ባውች የተባለው መሐንዲስ ያቀደው የባቡር ድልድይ በ1878 ዓ.ም. ለመንገደኞች ተከፈተ። ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ነበረ በዘመኑ እጅግ ተደነቀ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በ1879 ዓ.ም. ከተሻገሩበት በኋላ ለመሐንዲሱ የክብር ማዕርግ ሰጡት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 28 ቀን፥ እሑድ ማታ፥ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲነፍስ አንድ ባቡር ወደ ድልድዩ ገባ፤ የድልድዩም ከፍተኛ የሆነው መካከለኛ ክፍል ከነባቡሩ ወደ ውሃው ወረደ። ከተሳፋሪዎቹ አንድ ስንኳ የተረፈ የለም። የሞቱት ለብዙ ጊዜ 75 ያህል ይባሉ ነበር፤ ማንነታቸው በመዝገብ የተረጋገጠው 59 ናቸው።

መርማሪዎች ተሾመው ባውችን ሲጠይቁት፥ ድልድዩን ሲያቅድ ለነፋስ ግፊት ብሎ ለይቶ የጨመረው ብርታት እንደሌለ ገለጠ። የድልድዩ ክብደት ታስቧል፤ የባቡሩ ሸክም ታስቧል፤ ነፋሱ ግን በሚገባ አልታሰበም። ባውች የተመካው ጆርጅ ኤሪ የተባለው ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰጥቶት በነበረው ቃል ላይ ነው። ሊቁ የተጠየቀው ስለዚህ ድልድይ አልነበረም፤ በፎርዝ ወንዝ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ስለ ሌላው ድልድይ ነበር። በዚያ ድልድይ ላይ ነፋሱ በጠቅላላው የሚያሳርፈው ግፊት በአንድ ካሬ ጫማ ከ10 ፓውንድ አይበልጥም ብሎ መለሰ፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 49 ኪሎ የሚደርስ ነው። በዚያው ዘመን የፈረንሳይና የአሜሪካ መሐንዲሶች ከዚህ አምስት እጥፍ ያህል የሚሆን ግፊት እያሰቡ ይሠሩ እንደ ነበር በምርመራው ታወቀ።

ጥፋቱም በዚህ ብቻ አላበቃም። የድልድዩ ምሰሶዎች ከቀለጠ ብረት በቅርጽ እየፈሰሱ የተሠሩ ነበሩ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የነበረው ቀዳዳ በሰምና በብረት ብናኝ ተደፍኖ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስል ነበር። ድልድዩን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው ደግሞ የምሰሶዎቹ ማሰሪያ ብረቶች ላልተው ሲንኳኩ ሰማ። በመስማቱ የሚመሰገን ነበር፤ ነገር ግን ቁራጭ ብረት ገዝቶ በገዛ እጁ በየስንጥቁ ሸጎጠና ዝም አለ፤ ለመሐንዲሱ አላስታወቀም። እንግዲህ ከላይ ያለው ያልጠየቀውን፥ ከመካከል ያለው ደፈነው፤ ከታች ያለውም ሰምቶ ዝም አለ። ድልድዩን የጣለው ነፋስ ነው ብንል ነፋስን እንበድለዋለን።

መርማሪዎቹ ድልድዩ በዕቅዱም፥ በአሠራሩም፥ በአጠባበቁም ጉድለት እንደ ነበረበት ወሰኑ። ባውችም ጥፋቱ በተፈረደበት በዚያው በ1880 ዓ.ም. ሞተ። ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የዚያ 10 ፓውንድ ነገር ነው። ቁጥሩ በራሱ በደል የለበትም፤ ስለ አንድ ነገር ተጠይቆ ስለዚያው ነገር የተሰጠ መልስ ነው። በደሉ የመጣው ሰው ይህን ቁጥር ከተወለደበት ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲወስደውና በታላቅ ሰው ስም ሲያስከብረው ነው። ስሌት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ያልተጠየቀውን ነገር በራሱ ተነሥቶ «ይህንንስ ለምን ረሳኸው?» የሚል ስሌት የለም። ጥያቄውን የሚመርጠው ሰው ነው፤ ኃላፊነትም የሚጀምረው ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት፥ ጥያቄው በሚመረጥበት ሰዓት ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ያ የፎርዝ ድልድይ ራሱ ነው። ከአደጋው በኋላ ሥራው ከባውች ተወስዶ ለጆን ፋውለርና ለቤንጃሚን ቤከር ተሰጠ፤ መንግሥትም ለነፋስ ግፊት በካሬ ጫማ 56 ፓውንድ እንዲታሰብ አዘዘ። ቤከር ግን በታዘዘው ቁጥር ብቻ አላረፈም። ድልድዩ በሚሠራበት ስፍራ ባለችው በኢንችጋርቪ ደሴት ላይ የነፋስ መለኪያ ሠሌዳዎችን አቁሞ ነፋሱን ራሱን ጠየቀ፤ አንደኛው ሠሌዳ 28 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ ሌሎቹ ትንንሾች ነበሩ። ከዚህም፥ ነፋስ ሰፊውን ሠሌዳ የሚገፋው ትንሹን በሚገፋው ልክ እንዳልሆነ፥ ብርቱው ግፊት በአንድ ጊዜ በሰፊ ቦታ ላይ እንደማያርፍ ተረዳ። ድልድዩ በ1890 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ባቡር ዛሬም ይመላለስበታል።

ነገር ግን ከአንባቢዎች መካከል አንዱ እንዲህ ብሎ ሊከራከረን ይችላል፤ «ባውች መጠየቅ ሲገባው ያልጠየቀ ሰው ነው። ጥያቄው በዘመኑ ላለ ሰው ሁሉ የተሰወረ ከሆነስ? ያልታወቀውን ነገር አላሰብክም ተብሎ ሰው ይወቀሳልን?» ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። የሚመልስልንም ሌላ ድልድይ ነው።

በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፥ የታኮማ ድልድይ በጁላይ 1 ቀን 1940 ዓ.ም. ተከፈተ። በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል በብረት ገመድ የተንጠለጠለው መንገድ 853 ሜትር ሲረዝም ስፋቱ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ደግፎ የያዘው የብረት ጎን ደግሞ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም። ያቀደው ሊዮን ሞይሴፍ በተንጠልጣይ ድልድይ ሒሳብ በዘመኑ ከሚከበሩት ሰዎች አንዱ ነበር። የክፍለ ግዛቱ መሐንዲሶች አስቀድመው አቅደውት የነበረው ጥልቅና ከባድ ድጋፍ ያለው፥ ወጪውም የበዛ ነበር፤ የሞይሴፍ ስሌት ግን ቀጭኑ እንደሚበቃ አሳየ። ቀጭኑም አማረ፥ ረከሰም፤ ስለዚህ ተመረጠ።

ድልድዩ ገና ከመከፈቱ በፊት በቀላል ነፋስ ከላይ ወደ ታች ይወዛወዝ ጀመር፤ ሠራተኞቹም «ጋላቢዋ ገርቲ» ብለው ስም አወጡለት። ሰዎች እንደ ጨዋታ እየመጡ ይሻገሩበት ነበር። በኖቬምበር 7 ቀን በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሄድ ነፋስ፥ መወዛወዙ ተለውጦ መንገዱ እንደ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ይጠመዘዝ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ተቆራርጦ ወደ ውሃው ወደቀ። ሰው አልሞተም፤ በመኪና ውስጥ የቀረ አንድ ውሻ ጠፋ። የሚያስደንቀው ነገር፥ ድልድዩ ከዚህ እጅግ የበረታ ነፋስ እንዲችል ተሰልቶ የነበረ መሆኑ ነው። ስሌቱም አልተሳሳተም፤ መርማሪዎቹ ራሳቸው ድልድዩ በጸጥታ ከሚገፋ ኃይል ሁሉ፥ ከነፋስም ጭምር፥ እንዲድን ሆኖ በሚገባ የታቀደ እንደ ነበረ መስክረዋል።

ታዲያ ምን ጎደለ? ነፋሱ የታሰበው ከጎን እንደሚገፋ እጅ ሆኖ ነበር፤ የሚገፋ እጅና የሚቋቋም ብረት ብቻ ነበሩ። በእውነቱ ግን መንገዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በዙሪያው የሚያልፈውን የነፋስ አካሄድ ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም ነፋስ መንገዱን መልሶ ያንቀሳቅሰዋል። ሁለት ጠበኞች ሲነጋገሩ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ የአንዱ ቃል የሌላውን ቃል ያስነሣል፥ ነገርም ነገርን ይወልዳል፤ መጀመሪያ ትንሽ የነበረው ጠብ ከሁለቱ ከአንዳቸውም ጉልበት በላይ ይሆናል። በድልድዩና በነፋሱ መካከል የሆነው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መጠምዘዝ ከነፋሱ አዲስ ኃይል እየተቀበለ ለሚቀጥለው አቀበለው፤ ብረቱም እስኪበጠስ ድረስ የሚያስቆመው አልተገኘም። ሥራው የነፋስ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ከነፋስ ጋራ ተነጋጋሪ መሆኑን በስሌቱ ውስጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሞይሴፍ ንጹሕ ነውን? በአንድ በኩል ነው እንላለን፤ በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ከእርሱ ጋራ የተስማሙ ነበሩና። በሌላ በኩል ግን የሚያሳዝን ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር የብራይተን ተንጠልጣይ ድልድይ በ1836 ዓ.ም.፥ በአሜሪካም የዊሊንግ ድልድይ በ1854 ዓ.ም. በነፋስ እየተወዛወዙና እየተጠመዘዙ ተሰብረው ነበር። ያዩት ሰዎች ጽፈውታል፤ የብራይተኑንማ በሥዕል አስቀርተውታል። ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም፤ የተረሳ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሰው ይቅርታ ሲለምን በማወቅም ባለማወቅም ስለሠራው ነገር ይለምናል። አባቶች ባለማወቅ የተሠራውን ከዝርዝሩ ያላወጡት ያለ ምክንያት አይመስለንም። ካለማወቅ ውስጥ አንዱ ዕውቀቱ ገና ስላልተወለደ የሚመጣ ነው፤ ለዚህ ሰው ሊወቀስ አይገባውም። ሁለተኛው ቢጠይቁ ኖሮ የሚታወቀውን ባለመጠየቅ የሚመጣ ነው፤ የባውች ይህ ነው። ሦስተኛው ግን አባት ያወቀውን ልጅ በመርሳቱ የሚመጣ ነው፤ ይህም የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን የመላው ሙያ ጥፋት ነው። ሙያ የሚረሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲሳካለት ነው። ሥራው ለብዙ ዓመት ሳይወድቅ ሲቆም የአሮጌው ፍርሃት ምክንያት ይጠፋል፤ ጥንቃቄውም የሰነፎች ልማድ ይመስላል።

በስፍራው የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው አስቀድሞ አምሳያው በነፋስ መንፊያ ክፍል ውስጥ ከተፈተነ በኋላ ነው። ዛሬ ታላቅ ተንጠልጣይ ድልድይ ያለዚህ ፈተና አይሠራም። ያ የወደቀው ድልድይ ለተከታዮቹ ያተረፈው ጥያቄ ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ሥራው ተሠርቶ ካለቀ፥ ሰው ከገባበት፥ ምስጋናውም ከተቀበሉ በኋላ ስሕተት ቢገኝስ? በኒው ዮርክ ከተማ በ1977 ዓ.ም. 59 ፎቅና 279 ሜትር ቁመት ያለው የሲቲኮርፕ ሕንጻ ተሠርቶ ተፈጸመ። በቦታው ማእዘን ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረ ሕንጻው በማእዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መካከል በቆሙ ረጃጅም ምሰሶዎች ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። የአቋሙን ስሌት የመራው መሐንዲስ ዊልያም ለሜዠሪየር ነበር። በዚያ ጊዜ የከተማው ደንብ ይጠይቅ የነበረው ነፋሱ ፊት ለፊት ጎኖቹን ሲመታ ያለውን ኃይል ነው፤ ይህም ተሰልቶ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ምክንያት ሆኖት መሐንዲሱ፥ ነፋሱ በማእዘን በኩል ሁለቱን ጎኖች ባንድነት ሲመታ ምን እንደሚሆን እንደገና ያሰላ ጀመር። በአንዳንዶቹ የብረት አካላት ላይ ኃይሉ በመቶ 40 እንደሚጨምር አገኘ። በዚያ ላይ እርሱ በብየዳ እንዲያያዝ ያሰበው መጋጠሚያ ወጪ ለመቀነስ በብሎን መያያዙን ተረድቶ ነበር፤ በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ጭማሪው በመቶ 160 ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ራሱን በዚያ ሰው ቦታ እንዲያስቀምጥ እንለምናለን። ስሕተቱን ያወቀው እርሱ ብቻ ነው። ደንቡን አልተላለፈም፤ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም፤ ቢናገር ግን ስሙና እንጀራው ሊጠፋ ይችላል። በአገራችን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባል አባባል አለ። ብዙ ሰው ከስሕተቱ ይልቅ በዚህ መንፈስ ይጠፋል፤ ስሕተቱ አንድ ጊዜ ሲሆን መሸሸጉ በየቀኑ የሚፈጸም ነውና። ለሜዠሪየር ግን ለባለቤቶቹና ለከተማው ሹማምንት ነገሩን ራሱ ገለጠ። ሠራተኞች ሌሊት ሌሊት እየገቡ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ወፍራም የብረት ሠሌዳ በየዱ። ሥራው ሳይፈጸም በሴፕቴምበር ወር ዐውሎ ነፋስ ወደ ከተማዋ አቅጣጫ መጣ፤ ደግነቱ ወደ ባሕር ተመለሰ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ነገሮችን ሳንጨምር ብናልፍ አንባቢን እንደማታለል ይሆንብናል። አንደኛው፥ በሕንጻው ውስጥ ይሠሩ ለነበሩትና በዙሪያው ይኖሩ ለነበሩት ሰዎች እውነቱ አልተነገራቸውም፤ ነገሩ በአደባባይ የተገለጠው ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1995 ዓ.ም. ነው። ሕዝብ እንዳይደነግጥ ነው ይባላል። እኛ ግን በራሱ ሕይወት ላይ የተንጠለጠለውን አደጋ ማወቅ ለሰው የሚሰጥ ችሮታ ሳይሆን መብቱ ነው ብለን እናምናለን፤ የመሐንዲሱን ድፍረት ስናመሰግን ይህን ዝምታ አብረን አናመሰግንም። ሁለተኛው፥ በቅርብ ዓመታት በአዲስ ዘዴ የተደረገ ምርመራ፥ በማእዘን የሚመጣው ነፋስ ያን ጊዜ የተፈራውን ያህል ከፊት ለፊቱ የከፋ እንዳልነበረ ያመለክታል። ታዲያ ያ ሁሉ ጭንቀት ከንቱ ነበርን? አይደለም። ሰው የሚፈረድበትም የሚመሰገንበትም በዚያ ሰዓት በነበረው ዕውቀት ነው። ሌሊት ቤቱ የሚቃጠል መስሎት ጎረቤቱን የቀሰቀሰ ሰው፥ ሲነጋ እሳቱ ትንሽ ሆኖ ቢገኝ ጎረቤትነቱ አይቀነስበትም።

የመጨረሻው ጥያቄ «ስንት ይበቃል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሁሉ ቢጠየቅ፥ ስሌቱ ሁሉ ቢጣራ፥ ከማናቸውም ማዕበል የሚያድን ሥራ መሥራት አይቻልም፤ ከእያንዳንዱ ከፍታ በላይ ሌላ ከፍታ አለና። ይህን ከሆላንድ ሕዝብ ይበልጥ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም፤ የአገሩ ብዙ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ነውና። በ1953 ዓ.ም. በጃኑዋሪ 31 ሌሊት ነፋስ የሰሜን ባሕርን ውሃ ወደ ዳርቻው ገፍቶ ግድቦቹን አፈረሰ፤ በሆላንድ ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ። የመንግሥቱ መሐንዲስ ዮሃን ፋን ፌን ግድቦቹ ዝቅተኛ መሆናቸውን ከብዙ ዓመት ጀምሮ አስጠንቅቆ ነበር፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ግድብ ለመሆን አልደረሰም። እዚህ ላይ ስሌቱም ነበረ፥ ጥያቄውም ተጠይቆ ነበር፤ የጎደለው ቁጥሩን አንብቦ የሚነሣ ሰው ነው።

ከጥፋቱ በኋላ መንግሥቱ ኮሚሲዮን አቋቋመ፤ የሒሳብ ሊቁ ዳፊድ ፋን ዳንትሲኽም ግድብ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት እንዲያሰላ ተጠየቀ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ግድብ ከፍ ባለ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ የጎርፉ ዕድልና የሚጠበቀው ጥፋት ግን ይቀንሳል። የሁለቱ ድምር ከሁሉ የሚያንስበት ከፍታ ይፈለጋል። በዚህ ዓይነት ምርመራና በምክር ለመካከለኛው ሆላንድ በዓመት ከአሥር ሺህ አንድ ብቻ የመድረስ ዕድል ያለውን የውሃ ከፍታ የሚችል ግድብ ተወሰነ። በሁክ ፋን ሆላንድ ይህ 5 ሜትር ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው 3 ሜትር ከ85 ነበር። «ከአሥር ሺህ አንድ» ማለት ማዕበሉ አሥር ሺህ ዓመት ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ ነገ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ሰው የ80 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም ማለት ነው።

ይህን ሲሰማ ልቡ የማይሻክርበት ሰው የለም። የሰው ሕይወት ከአፈርና ከድንጋይ ዋጋ ጋራ በአንድ ሚዛን ይቀመጣልን? እኛም መጀመሪያ ስናነበው እንዲሁ ተሰምቶን ነበር። ነገር ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ ሚዛኑን የማይናገር ሰውም መመዘኑ እንደማይቀር ተረዳን። ግድቡን በአራት ሜትር ያቆመ ሰው ለአምስተኛው ሜትር የሚወጣው ገንዘብ ከሚድነው ሕይወት ይበልጥብኛል ብሎ ወስኗል፤ ልዩነቱ አለመናገሩ ብቻ ነው። የሆላንድ ሰዎች የሚመሰገኑት ሚዛኑን በአደባባይ በማቆማቸው ነው። ቁጥሩ የተገለጠ በመሆኑም ሰው ሊከራከርበት ቻለ። ለምሳሌ በ1953 ዓ.ም. ከሌላው ይልቅ ብዙ ሰው ለሞተበት ለዜላንድ አውራጃ የተሰጠው ልክ ከአራት ሺህ አንድ ነበር፤ ሰውና ሀብት ከመካከለኛው ሆላንድ ያነሰበት አገር ነውና። ይህ ቅን ፍርድ ነውን? በድብቅ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀው አይገኝም ነበር። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በሕግ የተደነገገው፥ ከግድብ በስተኋላ የሚኖር እያንዳንዱ ሰው፥ በየትኛውም ስፍራ ቢሆን፥ በጎርፍ የመሞት ዕድሉ በዓመት ከመቶ ሺህ አንድ እንዳይበልጥ ነው። ስሌቱ አልተጣለም፤ ለስሌቱ የቀረበለት ጥያቄ ግን ተለወጠ። ቀድሞ «ስንት ሀብት ይጠፋል?» ተብሎ የተጠየቀው፥ አሁን «አንዱ ሰው ምን ያህል ይጠበቃል?» ተብሎ ደግሞ ተጠየቀ። ጥያቄ ሲቃና ቁጥርም ይቃናል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ቁጥር ኃላፊ ይሆናልን? አይሆንም። ኃላፊ መሆን የሚችለው ተጠይቆ የሚመልስ፥ ሲሳሳት የሚያፍር፥ ካፈረም በኋላ የሚያርም ብቻ ነው፤ ይህም ሰው ነው። ነገር ግን ቁጥር ስለ ኃላፊነት አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ይሸሽገዋል ወይም ይገልጠዋል። ባውች በያዘው በ10 ፓውንድ ኃላፊነት ተሸሸገ፤ በሆላንዶቹ ከአሥር ሺህ አንድ ግን ተገለጠ። ልዩነቱ በቁጥሩ መብዛትና ማነስ አይደለም፤ «ይህን የወሰንነው እኛ ነን፤ የተውነውም ይህን ያህል ነው» ብሎ አብሮት የሚቆም ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

ይህ ነገር የድልድይና የግድብ ሠሪዎች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን። እኛ በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ የምንውል ሰዎች ነፋስን አንለካም፤ ነገር ግን በየቀኑ ሌላ ሰው ያሰላው ቁጥር ያለበት ወረቀት ይቀርብልናል፥ እንፈርምበታለን። ፊርማ ማለት «ቁጥሩን አይቻለሁ» ማለት ብቻ ከሆነ ማኅተሙ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ሰው ባላስፈለገም። ፊርማ ማለት ይህ ቁጥር ስለ ምን ተጠይቆ እንደ መጣ አውቃለሁ፤ ያልተጠየቀውንም ጠይቄአለሁ፤ ነገ ስሕተት ቢገኝ ራሴ እናገራለሁ ማለት ነው። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው መልሱ ትክክል መሆኑን ሲያዩ፥ ጥያቄውስ ትክክል ነበር ወይ ብለው ቢጨምሩላቸው ታላቅ ነገር ያስተምሯቸዋል። የላላ ብረት ሲንኳኳ የሰማ ሁሉ ደግሞ፥ አለቃው ምን ይለኛል ሳይል፥ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደ ተባለው በጊዜው ይናገር።

ነፋሱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን መጠየቅ ግን በእጃችን ነው።